ዝናብ ወደ ላይ የሚዘንብበት አገር

ልጅ ሳለሁ ቆቦ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነገር ላምባ ላምባ የሚሸት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የልጆች ልብ ወለድ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አስተማሪያችን ሲዛወር፣ ላምባ ፈሶበት ስላገኘው ለኔ ተወልኝ። ዝናብ ከመሬት ወደ ሰማይ ስለሚዘንብበት አገር የሚያወራ ነው። እዚያ ዳኛው አህያ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከሙት ነጋዴዎቹ ናቸው። ደመና አንጋጠን የምንጠብቅ የቆላ ልጆች ይህን ስንሰማ ምን ያህል እንደምንደነቅ አስቡት።

ከሁሉም በላይ የማነብለት ግን ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነበር። ወጣቶችን ለጦርነት የሚወስደው የአፈሳ ወሬ ከሮቢት ከመጣ ጀምሮ ጓዳ ውስጥ፣ ከማሽላው ጎታ ጀርባ ተደብቆ ይውላል። እናቴ ለጎረቤት "አሰብ ሄዷል" ብላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ለታናናሾቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ከውስጥ ያዳምጣል። እንደ ወጉ "ተረት ተረት" ብዬ ስጀምር እነሱ "የላም በረት" ይላሉ፤ እሱም በሹክሹክታ ይመልሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት መጽሐፉን ይዤ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጥኩ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጋሽ ይመር ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ። የእናቴ ፊት አመድ መሰለ።

"ሰይድ አልተመለሰም?" አላት።

መማል ፈርታ "ወሬውም የለ" ብቻ አለች።

መደቡ ላይ ተቀመጠና "እስኪ አንብቢው፣ ቆሜ ነው የዋልኩት" አለኝ። ሌላ መጀመሪያ አላውቅምና "ተረት ተረት" አልኩ።

"የላም በረት" አሉ ታናናሾቼ። ጋሽ ይመርም አብሯቸው አለ። ሰይድ ለካ ሙቀቱ እንቅልፍ ጥሎበት እንግዳ መምጣቱን አልሰማም። ብንን ሲል ከጓዳ በጎርናና ድምፁ፣ ጮክ ብሎ "የላም በረት" አለ።

ጋሽ ይመር ወደ ጓዳው አላየም፤ እናቴን ነበር የሚያያት። የእሱም የበኩር ልጅ ባለፈው አፈሳ ተወስዷል።

"ቀጥይ" አለኝ።

አነበብኩ። አህያው ፍርድ እስኪሰጥ ጠብቆ ተነሳ።

"የሰይድ እናት፣ ነገ ጧት የምመጣው ብቻዬን አይደለም" ብሎ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰይድ በዞብል ተራራ አድርጎ ወደ አፋር ወረደ። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ይኑር ይሙት ሳናውቅ ከረምን። አልሐምዱሊላህ ተመለሰ፤ ዛሬ ዋጃ ሱቅ አለው።

አሁን ለልጆቼ ሳነብ የቤቴ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው። እንዳሻቸው ይጮሃሉ፣ ደስ ይለኛል፤ በእውነት ደስ ይለኛል። የትልቁ ልጄ ድምፅ ግን ዘንድሮ መጎርነን ጀምሯል። እሱ ከት ብሎ ሲስቅ፣ እጄ ሳላዘው ተነስቶ አፉን ይይዛል።