አባቴ «አለቀች» ያለ ዕለት

የተፈጨ የወባ ክኒን ከበሰለ ሙዝ ጋር ሲታሽ የሚሸተው ሽታ ባለፈው ቅዳሜ ወጥ ቤቴ ውስጥ ድንገት መጣብኝና፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሙዙን የማሸው ወባ ለያዛት የአራት ዓመት ልጄ ነበር፤ ሐሳቤ ግን ከምኖርበት ሐዋሳ ተነሥቶ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ሄደ።

እዚያ ዝናቡ ሲያባራ ቢንቢው ይበረታ ነበር፤ በጥቅምት ወባ ያልደረሰው የሰፈር ልጅ አልነበረም። አባቴ በኩልፎ ወንዝ ዳር የመስኖ ውሃ ተራ አከፋፋይ ነበር፤ ለየሙዝ ማሳው የሚገባውን ሰዓት እየለካ ቦይ ሲከፍትና ሲዘጋ ስለሚውል፣ ቤትም ገብቶ ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም ነበር። ከአርባ ምንጭ ርቆ ካለው ከካምባ ገጠር የመጣ ነውና አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርግ ነበር። እናቴ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ የመጣች የአማርኛ መምህርት ነበረች፤ እራት ላይ እንኳ ሳትታክት ታርመው፣ እሱም ሳይታክት ይሳሳት ነበር።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ለካምባ መምህራን ሥልጠና ልትሰጥ በሄደችበት ሰሞን ወባ ጣለኝ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አዝሎኝ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ክኒኑን ሰጠችውና «ውጣው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳት ይድገሙላት፤ እሱንም ካስመለሳት ግን ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዷት» አለችው። ቤት ገብተን የመጀመሪያውን እንደዋጥኩ ሸሚዙ ላይ አስመለስኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጎረቤታችንን አጠገቤ አስቀምጦ ወደ ፊልም ማከራያው ሮጠና ከሁሉ የሚረዝመውን የህንድ ፊልም ይዞ ተመለሰ። ክኒኑን በሙዝ አሽቶ ወደ አፌ አስጠጋና «ዋጥ ልጄ፣ ዋጥ» አለኝ፤ እኔን ሴቷን። «ነርሷ አንድ ሰዓት አለ። እኔ ሦስት አደርጋለሁ። ፊልሟ እስክታልቅ አፍህን አትክፈት።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች እየዘፈኑ ተራራ ይወጡ፣ ይወርዱ ነበር። ሊያስመልሰኝ በቃጣ ቁጥር ጥርሴን እነክስ፣ ዓይኔን ዘፋኞቹ ላይ እተክል ነበር። አባቴም አጠገቤ ተቀምጦ እንደኔው የሚያይ ይመስለኝ ነበርና፣ ደስ ሲለው ዝም የሚል ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ፊልሙ አለቀ፤ ክኒኑ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። መታመሜን ከጎረቤት የሰማችው እናቴ ነበረች።

«እንዴት ናት ልጄ?» ስትል እኔም ሰማኋት።

አባቴ ደስታው ትንፋሽ አሳጥቶት «አለቀች! አለቀች!» አለ። ፊልሟን ማለቱ ነበር። የካምባ ኔትወርክ እንደ ልማዱ እዚያው ላይ ተቋረጠ፤ አባቴ ቢሞክር ቢሞክር አልገባለት አለ።

ለየክኒኑ አንድ አንድ ፊልም እየተከራየልኝ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ሁለተኛውን ጨርሰን ሦስተኛውን ጀምረን ነበር። ትኩሳቴ በርዶ፣ ሙዝ በዳቦ እየበላሁ ሳለ ከበራችን ላይ ለቅሶ ሰማን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በአይሱዙ ጋቢና የአቧራ መንገድ ስትንገላታ መጥታ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ እያለቀሰች ገባች። እኔን ከነሙዜ ስታየኝ የበሩ ደፍ ላይ ዝርፍጥ አለች። ከዚያ ተነሥታ አባቴን በነጠላዋ መታችው፤ ቀጥላም ያንኑ ነጠላ ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች።

አባቴ ግን አልሳቀም። የሆነው ሁሉ ሲገባው ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠና «ሁልጊዜ ታርመኛለህ» አላት። «ትናንት ብቻ አመንከኝ።»

እናቴ የዚያን ቀን አላረመችውም።

ያ ነገር ከጊዜ በኋላ የቤታችን መሳቂያ ሆነ፤ እንግዳ ሲመጣ አባቴ ራሱ እያጋነነ ያወራው ነበር። እናቴ ግን ወሬው «አለቀች» ላይ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እኔ እንግዳ ልታስተናግድ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ክኒኑን ካዋጥኳት በኋላ ስልኬ ላይ ፊልም ከፈትኩላት። እሷ ስትስቅ እኔ ጉሮሮዋንና ሰዓቱን ሳይ ቆየሁ፤ ፊልሙ ስለ ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አባቴም ያን ዕለት አንዱንም ፊልም እንዳላየ የገባኝ ያኔ ነው። ዛሬ ኔትወርኩ አይቋረጥም፣ የእናቴ ድምፅ ጎኔ የተቀመጠች ያህል ይሰማል። ስትደውል ቃላቱን ለብቻ ለብቻ እየነጠልኩ «ፊልሙ አለቀ። ልጅቷ ደህና ናት» አልኳት።



«እስኪ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ድገሚልኝ» አለችኝ።