በጾም ዝንብ የሚበሉት የደመላሽ ተክሎች

ደመላሽ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። መቐለ ከመጣ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተምራል፣ ትግርኛውንም ተማሪዎቹ እያረሙት ነው የለመደው። ኅዳር ሲገባ እኛ ጋቢ ስንደርብ እሱ በሸሚዝ ይወጣና «የእናንተ ብርድ እኮ ጨዋ ነው፤ የእኛ አገሩ የባቄላ ማሳ አቃጥሎ ነው የሚያድረው» ይለናል። ይህን ፉከራ ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ከሰው የሚለየው ነፍሳት የሚበሉ ተክሎች ማሳደጉ ነው። ቁመታቸው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ቀጭን ቅጠላቸው ላይ ቀይ ፀጉር አለ፣ በየፀጉሩ ጫፍ ደግሞ ጤዛ የመሰለ ጠብታ። ጤዛው ያጣብቃል። ዝንቧ ማር መስሏት ታርፋለች፣ መነሣት ያቅታታል፣ ቅጠሉም ቀስ እያለ ይጠቀለልባታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀርቻለሁ።

ዘሩ የመጣው ከኣደይ ኣምለሰት ነው፤ «ኣደይ» በእኛ እናቴ ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አንድ የውጭ አገር መምህር አገሩ ሲገባ አንዲት ተክል ትቶላቸው፣ ከእሷ አባዝተው አራት አደረሱ፤ ለደመላሽም ቆንጥረው ሰጡት፣ የእሱ ዘጠኝ ደረሰ። ሁሉም በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ነው የሚያድጉት። የቧንቧችን ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ዓይነት ስለሆነ አይስማማቸውም፤ ስለዚህ ክረምት ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውኃ በበርሜል ይጠራቀምና እስከሚቀጥለው ሰኔ ይቆጠብላቸዋል። ሚስቱ ፀደይ አንድ ቀን ከዚያ በርሜል ቀድታ ፀጉሯን ብትታጠብ ሁለት ቀን አኩርፏታል።

በ2001 ዓ.ም. ኣደይ ኣምለሰት ለኅዳር ጽዮን አክሱም ሊሄዱ ተነሡ። አራቱን ሃይላንድ በካርቶን አድርገው ደመላሽ ቤት መጡ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ አደራ። የእኔ ቤት ሰው ከሌለበት ይቀዘቅዛል።»

«እኔ እያለሁ ብርድ? ይሂዱ፣ ጽዮንን ይሳለሙልኝ።»

እንግዲህ የማርያም ማኅበራችን አሥራ ሁለት ሰው ነን። ለእያንዳንዳችን በዓመት አንድ ወር ይደርሰናል፣ የደመላሽ ኅዳር ሃያ አንድ ነው። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ስለሆነ ሁሌም በሽሮ ነው የሚያስተናግደን። የዚያን ዕለት አሥራ ሦስቱ ተክሎች መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፣ የንስሐ አባታችን ዳቦውን ሊባርኩ ተነሥተዋል፣ አንዲት ዝንብም መጥታ ተጣበቀች። ሁላችንም አየናት። ዝም ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

«ደመላሽ፣ እነዚህ በጾም ሥጋ የሚበሉት የማን የንስሐ ልጆች ናቸው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባም ሳቁ። ነጋዴው ገብረመስቀል «ዝንቧን ጨርሰው ወደ ጠበል ጻድቁ እንዳይመጡ ብቻ» አለ። ደመላሽ አልሳቀም። ጆሮው ቀላ፣ ላብ ላብ አለው። ለካ ከሰው ፊት ሲቀለድበት የማይችል ሰው ኖሯል። አንድ በአንድ አንሥቶ ጓሮ፣ ግንቡ ሥር አስቀመጣቸው። እንግዳ ሲሄድ ሊመልሳቸው ነበር። እንግዳ ቆየ፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ መጣ፣ ደግሞም ብርዱን ንቆት ነበርና ረሳቸው።

ጠዋት ሲነሣ የጓሮው ሣር ነጭ ነው። የውሻው ሳህን ውስጥ ያለው ውኃ የበረዶ ቆዳ አውጥቷል። አሥራ ሦስቱም ተክሎች እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ተኝተዋል።

ፀደይ ሳትነሣ ዘጠኙን የራሱን ከነአፈራቸው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገልብጦ ለቆሻሻ መኪና ሰጠ። አራቱን ግን እጁ እምቢ አለው። አደራ ቆሻሻ ላይ አይጣልም ብሎ ከበርሜሉ ሥር ደፋቸው። ይህን ሁሉ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ አድርጎ።

ኣደይ ኣምለሰት ከአክሱም በኮዳ ጠበል ይዘውለት መጡ።

«ልጆቼስ?»

«ብርዱ ጠነከረና… ቁሓ፣ ጀላሉ የሚባል ወዳጄ ቤት አስቀመጥኳቸው። የእሱ ግቢ ፀሐይ ያገኛል።»

ጀላሉ እውነተኛ ሰው ነው፣ አብሮት ያስተምራል። ውሸቱ ላይ እውነተኛ ሰው መጨመሩ ነው ኋላ ይበልጥ ያሳፈረው። ኣደይ ኣምለሰት መረቁት። ጠበሉን ተቀብሎ ሳይጠጣው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው፤ በወጣ በገባ ቁጥር ኮዳው ያየዋል።

ታኅሣሥን በሙሉ ሲሸሽ ከረመ። አንዴ ፈተና አለብኝ፣ አንዴ ጀላሉ ዓፋር ወርዷል፣ አንዴ ጉንፋን ይዞኛል። በገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን በወንዶች በር ገብቶ በዚያው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ጠብቀውት «ጉንፋኑ ተሻለህ?» አሉት። ጥር አሥራ ሦስት ቀን ደጁ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ባዶ ካርቶን ይዘዋል።

«ዛሬ ጉንፋን የለህም። እንሂድ።»

ሮማናት አደባባይ ላይ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቁሓ የሚሄድ ታክሲ ያዙ። ወያላው «ሁለት ሰው ሁለት ሰው» ሲል የቀሩት ሁለት እነሱ ነበሩ። ታክሲው ተነሣ። ደመላሽ ጉልበቱ ላይ ያለውን ካርቶን ጠርዝ በጥፍሩ ይቆርሳል።

«ኣደይ፣ ጀላሉ ቤት የለም።»

«አሁንም ዓፋር ነው?»

«እሱ አለ። እነሱ ናቸው የሌሉት። ሞተዋል።»

ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞረች። «ማን ነው የሞተው?»

«ተክል ነው» አሏት ኣደይ ኣምለሰት።

«ዋይ፣ ልቤን» ብላ ተመለሰች፤ ጆሮዋን ግን ትታልን ነው የዞረችው ይላል ደመላሽ።

«መቼ?»

«ኅዳር ሃያ ሁለት። ማኅበር ላይ ተሳቀብኝና ውጭ አወጣኋቸው፣ አሳደርኳቸው።»

ኣደይ ኣምለሰት በጣታቸው ቆጠሩ። «ሃምሳ አንድ ቀን» አሉ፣ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ወራጅ ልበል፣ ከዚሁ እንመለስ?»

«ተቀመጥ። ቁሓ ነው ያልከኝ፣ ቁሓ እንወርዳለን።»

ወረዱ። ቁሓ አስፋልቱ ዳር ነፋሱ አቧራ እያነሣ ይመታቸዋል፣ የሚሄዱበት ቤት የለም። ባዶ ካርቶን ያቀፈ መምህርና ነጠላ ያጣፉ እናት ቆመው መንገደኛ ያያቸዋል። ኣደይ ኣምለሰት እሱን ሳያዩ ጠየቁት፦

«ሥሩን አየኸው?»

«ጠቁረው ተኝተው ነበር እኮ።»

«ቅጠሉን አልጠየቅኩህም።»

አላየሁም አለ።

«ባዮሎጂ ታስተምራለህ። የእነዚህ ቅጠላቸው በውርጭ ይሞታል፣ ሥራቸው ከታች ይተርፋል። እኔም ቤት ሁለቴ ደርሶብኛል። ሳትጥላቸው ጠብቀህ በተመለስኩ ዕለት ብትነግረኝ ያንተዎቹም የእኔም ይተርፉ ነበር። ውርጩ አይደለም የገደላቸው፣ ወደይ።»

ደመላሽ እዚያ ላይ ያለቀሰ ይመስለኛል፤ እሱ አቧራ ነው ይላል።

«የት ጣልካቸው?»

የራሱን ለቆሻሻ መኪና መስጠቱን፣ የእሳቸውን ግን ከበርሜሉ ሥር መድፋቱን ነገራቸው። ኣደይ ኣምለሰት መጀመሪያ ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «በርሜሉ ያንጠባጥባል?»

ያንጠባጥባል። ስንት ጊዜ ሊያስበይደው ብሎ ትቶታል።

በመጡበት ተመለሱ። ኣደይ ኣምለሰት ጓሮ ተንበርክከው እርጥቡን አፈር በእጃቸው ፈነቀሉ። ላዩ ላይ ምንም የለም። ከሥር ግን እንደ ጫማ ክር የጠቆረ ወፈር ያለ ሥር ወጣ፣ ሰበሩት፣ ውስጡ ነጭ ነበር። ሦስት እንዲህ ያለ አገኙ። በጣት አንጓ ልክ ቆራርጠው እርጥብ አሸዋ ላይ አስተኙት፣ ከላይ ሃይላንድ ደፉበት። ደመላሽ ውኃ እየቀዳ ያቀብላቸዋል። ሲወጡ ያን ባዶ ካርቶን ይዘውት ሄዱ።

የካቲት ማለቂያ ላይ ከክሩ ጎን ቀይ ነጥብ ወጣ። ክረምት ሲገባ አሥራ አንድ ነበሩ። ደመላሽ ሁሉንም ወሰደላቸው፣ አንድም አላስቀረም። አራቱን ለራሳቸው አስቀርተው ሰባቱን በግድ አሸክመው መለሱት።

ኅዳር መጣ። ኣደይ ኣምለሰት ለጽዮን አክሱም ሊሄዱ ተነሡ፣ ካርቶኑን ይዘው ደጁ ቆሙ። ደመላሽ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ኣደይ፣ ለሌላ ሰው ይስጡ። ይኸውና የትምወርቅ አለች፣ ጎረቤትዎ።»

«የትምወርቅ ቤት በርሜል የለም።» ካርቶኑን አስታቀፉት። «ከቀዘቀዙ ቀዘቀዙ ትለኛለህ። በቃ።»

ኅዳር ሃያ አንድ ማኅበራችን እንደ ልማዱ እሱ ዘንድ ሆነ። አሥራ አንዱ ተክል ከመስኮቱ ሥር ያለውን አግዳሚ ሙሉ ይዟል፣ አንዱ ላይ ዝንብ ተጠቅልላለች። ገብረመስቀል ያን ጊዜም «አሁንም ጾም አልጀመሩም?» ብሎ ወጋው። የደመላሽ ጆሮ ቀላ፣ እጁም ወደ ሃይላንዱ ሄደ። ከዚያ መለሰው።

«አልጀመሩም» አለ። «አልተጠመቁም። ከዚህም አይወጡም፣ አደራ ናቸው።»

አግዳሚው በእነሱ ስለተያዘ እኔ መቀመጫ አጣሁ። በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ የሚገባበት ላይ ዱካ አስጠግቼ ሽሮዬን እዚያው በላሁ። ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልተናገርኩም።