የአማቴ ጫማ በትሮዶስ ተራራ

ትናንት ላስ ቬጋስ ዳውንታውን በምሠራበት ሆቴል የሠራተኞች ማረፊያ፣ ብሬክ ሩም ውስጥ የቆጵሮስ ፎቶዎቻችንን ሳሳይ፣ አብሮኝ ሻንጣ የሚያመላልሰው ዳዊት አንዱ ፎቶ ላይ ሲደርስ ስልኬን ነጠቀኝ።

«ቆይ ቆይ... ይሄ ሁሉ ጫማ ምንድነው? መስጊድ ገባችሁ እንዴ?»

«ቤተክርስቲያን ነው።»

«የሐበሻ?»

«የግሪኮች!»

አላመነኝም። እናንተም ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ግን ካልነገርኳችሁ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ልጃችንን ሊይዙልን መጥተው ኢንተርፕራይዝ በሚባለው የቬጋስ ሰፈር ያለው ቤታችን ከረሙ። እኔና ባለቤቴ ሰብለ ሺፍት ስንቀያየር እሳቸው ከልጅቷ ጋር ቤት ናቸው። ቬጋስን ያዩት በመኪና መስኮት ነው ማለት ይቻላል። መመለሻቸው ሲደርስ ሁለታችንንም ጸጸት ያዘን።

«እማዬ፣ እንዲሁማ አትሄጂም። በመንገድሽ አንድ አገር እናሳይሽ፤ የት ይሁን?» አለቻቸው ሰብለ።

«ተራራ ያለበት... የጥንት ቤተክርስቲያን ያለበት። ገብቼ ልሳለም እንጂ ሌላ ምን አምሮኝ!»

ፈልጌ ፈልጌ ትሮዶስን አገኘሁ። ቆጵሮስ መሃል ያለ ተራራ ነው፤ በየመንደሩ ግድግዳቸው በሥዕል የተሞላ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሰብለ አራት ቀን ሙሉ ባሕሩ ዳርቻ ይዛን ከረመችና ተራራውን የወጣነው በመጨረሻው ቀን ነው። በማግስቱ አማቴ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ።

ወገኖቼ... የቬጋስን በረሃ ለለመደ ሰው ያ የጥድ ሽታ ያሰክራል! ገደሉ፣ ምንጩ፣ በየሰገነቱ ላይ የተንጠለጠለው ወይን! «እዩት! ኧረ እዩት!» እያልኩ ስጮህ፣ አማቴ ከኋላ ወንበር «ልጄ፣ አንተ መንገዱን እይ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ አገር የሚነዳው በግራ በኩል ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለቴ ረስቼዋለሁ።

ከመረጥነው ቤተክርስቲያን ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚይዙት ሽማግሌ ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ተቀምጠው ነበርና ሮጬ ሄድኩ።

«ዛሬ ዝግ ነው። ነገ ኑ» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«ነገማ አማቴ ይበራሉ! ከአሜሪካ ድረስ የመጣነው ለዚህ ነው!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ የቬጋስ ሰው ነኝ... እኛ ዘንድ «ሞልቷል» የተባለ ቦታ ሁሉ በቲፕ ይገኛል። ብሯን አጠፍ አድርጌ እንደ ሰላምታ እጃቸው ላይ ሸጎጥኩላቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ሰው ሁሉ ፊት ዘረጉና አዩት።

«ይሄ ሆቴል መሰለህ?» ብለው ብሯን መለሱልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩና ለአማቴ እንደማይከፈት ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው ከደፉ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አጣፉ። በሩን ተሳለሙ፣ መቃኑን ተሳለሙ፣ ከዚያ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ሰብለም ልጅቷን እንዳቀፈች ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ቆመች፤ እኔም አወለቅኩ።

ድንጋዩ በረዶ ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ አምጥቼ የተቆለፈ በር አሳየኋቸው!

ከኋላችን ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማሁ። ሽማግሌው መጥተው ቆመዋል፤ የሚያዩት የአማቴን ባዶ እግር ነው።

«በሩ ቢዘጋም እንዲህ ታደርጋላችሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኛ አገር ከደጅ ተሳልሞ የሚሄደው ይበዛል» አለች ሰብለ።

ሌላ ጥያቄ የለም፤ ከፈቱልን።

ውስጡን እንዴት ልንገራችሁ! ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው። አማቴ አንዴ ዞር ዞር ብለው አዩና እልልታቸውን ለቀቁት። ሽማግሌው ደንግጠው ግድግዳ ተደገፉ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ።

«ሰብለ! ጊዮርጊስ እኮ ነው! ያው ነጩ ፈረስ!» ይላሉ አማቴ፣ እንባቸው እየወረደ። አንድ የግሪክ ፊደል ሳያውቁ ቅዱሳኑን በየተራ ሰላም እያሉ ዞሩ። እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

ይሄኔ ቱሪስት የጫነ አውቶቡስ መጣ። ከፊት የቀደመችው ሴትዮ ደጁ ላይ ጫማዎቻችንን አየች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ጎንበስ ብላ የራሷን ፈታች። ተከታዩም ፈታ። ደንቡ መስሏቸው ሁሉም አወለቁ! ሽማግሌው «አያስፈልግም» ሊሉ እጃቸውን አንስተው ነበር... ግን አማቴን ዞር ብለው አዩና ተዉት። ቆይተው እሳቸውም ጎንበስ ብለው ክራቸውን ፈቱ። ፎቶውን ያነሳሁት ያኔ ነው።

ስንወጣ አማቴ የጫማውን ክምር አይተው አፋቸውን ያዙ።

«ሰብለ... ለካ እነሱም እንደኛ ናቸው! ፈረንጅ ሃይማኖቱን ትቷል ያለው ማነው?»

አሁን አዲስ አበባ ገብተው ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ይህንኑ እየመሰከሩ ነው አሉ። አስጀማሪዋ እሳቸው መሆናቸውን የሚነግራቸው ካለ ይንገራቸው... እኔ የለሁበትም!