የጠፋው የጠመንጃ ጫፍ

ዳንግላ ገበያ መነጽር የምትሸጠው ሲሀም ፊት የቆሙት ሽማግሌ ግራ ቀኝ አዩና አንዱን መነጽር አንሥተው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ለሙከራ የሰጠቻቸውን ጋዜጣ ዘቅዝቀው ሲይዙት ሳቋ አመለጣት።

እሳቸው ግን ከፊደሉ ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አተኩረው ተመለከቱ። የኮታቸውን ቀኝ ትከሻ የጠመንጃ ማንገቻ በልቶታል።

«ዒላማው ይታየኛል ልጄ። የጠፋብኝ የጠመንጃዬ ጫፍ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሑድ የተኩስ ውድድር አለብኝ። ለማንም እንዳትነግሪ፤ መነጽሩን ሰው ፊት አላደርገውም።»

«ታዲያ ውድድሩ ላይ ሰው የለም፣ አባቴ?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሲሀም አፈረች። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉና ካነሡበት ቦታ መልሰው አስቀመጡት።