የባሌ በሽታ ያልኩት

ከኮምቦልቻ ስወጣ ገና አልነጋም ነበር። እናቴ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ ዳቦ ቆሎ በቋጠሮ አቀበለችኝና «ብርዱን ተጠንቀቅ፤ የሰው አገር ያሳምማል» አለችኝ። ጎባ፣ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተመድቤ ነበር የምሄደው። ሥራ በማግኘቴ ከመደሰቴ የተነሳ ቃሏን ከሚሴ እንኳን ሳልደርስ ረሳሁት።

ከሻሸመኔ በኋላ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተንገላትቼ ጎባ ገባሁ። ወገኖቼ፣ እናንተ ብርድ የምትሉት ብርድ አይደለም። እኛ ጋ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ እዚህ ፀሐይ ያረፈችበትን ግድግዳ ይሻማል። ጤፍ ብርቅ ነው። እንጀራው ገብስ፣ ገንፎው ገብስ፣ በቅቤ የታሸው ጩኮ ገብስ። ያኔ አማረርኩ፤ ዛሬ ገብስ ካልቀመስኩ የበላሁ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ዓመት የውሃ ጥም ያዘኝ። አንድ ማሰሮ ጨርሼ አልረካም፤ ሱሪዬም ከወገቤ ይወርድ ጀመር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሽንቴን መርምሮ «ስኳር ነው። በየቀኑ መርፌ ትወጋለህ፣ ዕድሜ ልክህን» አለኝ። እኔ ግን በልቤ በሽታዬን ከእሱ በላይ አውቀው ነበር፦ ብርድና ናፍቆት ነው። ባሌ የሰጠችኝን ኮምቦልቻ ትወስድልኛለች። ጤፌን እየበላሁ ሃያ አንድ ቀን ጠበል ብጠመቅ መርፌ ምን ያደርግልኛል?

የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። አለቃዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ።

«ባሌ አሳመመኝ ነው የምትለው?»

«አዎ ጌታዬ። አገሬ ብገባ ይለቀኛል።»

«ይህን ብፈርም ነገ ከእኔ ጀምሮ ቢሮው በሙሉ ይታመማል። የአንድ ወር ፈቃድ ይበቃሃል።»

ሻንጣዬን ስሸክፍ አከራዬ አዴ ሃሊማ መጡ። ሮቤ የተወለዱ፣ ቅቤ ነጋዴ ባልቴት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ትቼው የምሄደውን የመድኃኒት ብልቃጥ አዩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ረሳኸው።»

«አልረሳሁትም። አገሬ ስገባ አያስፈልገኝም። ከስደት ነው የያዘኝ፣ አዴ።»

ጓዳ ገቡ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱና ፈቱት። የእኔው ዓይነት ብልቃጥ ነው።

«ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆነው። ራቅሁ ብል ለዚያራ ሼክ ሁሴን መቃብር ድረስ ነው የሄድኩት፤ እሱም እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። እኔስ ከየት ተሰድጄ ነው የያዘኝ?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እህቴ እንዳንተ መርፌውን ተወች። ዱዓ ይበቃኛል አለች፤ ቀበርኳት። ጠበልህን ተጠመቅ፣ መርፌህንም ተወጋ። ሁለቱንም የሰጠን አላህ ነው።»

ፈቃዴን ጎባ ጨረስኩት። መርፌ መቀቀልና ራሴን መውጋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብልቃጦቻችንን እንስራው ጥግ አንድ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ስረግመው የከረምኩት ብርድ መድኃኒታችንን ይጠብቅልን ጀመር። በረመዳን እሳቸው፣ በሁዳዴ እኔ፣ መርፌው በባዶ ሆድ ስለማይሆን በጠዋት ገንፎ ስንበላ እየተያየን እናፍራለን፤ ከዚያ እንስቃለን። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ዕድሜ ያገኘሁት ከእኚያ ሴት ነው።

ለፋሲካ ከጎባ ስልክ ቤት ቀጠሮ አስይዤ እናቴን አገኘኋት።

«መቼ ነው የምትመጣው? ያ የጻፍክልኝ የባሌ በሽታ ሳይጨርስህ።»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ውሃ ብቻ ነው አልጠግብ ያልኩት። ሌሊትም ሽንት ሲያመላልሰኝ ያድራል። ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል፤ ያንተ ሐሳብ ነው።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እማዬ፣ ነገ ሐኪም ቤት ሂጂ። ስኳር ሳይሆን አይቀርም።»

ሳቀችብኝ። «ምን ነካህ ልጄ? ከደጄ ወጥቼ የት አውቃለሁ? እሱ የእናንተ የስደተኞቹ በሽታ ነው።»

የአዴ ሃሊማን ነገር ልነግራት ስል ኦፕሬተሯ ሰዓታችን ማለቁን ተናገረች። «እህቴ፣ አንዲት ደቂቃ ብቻ» ብዬ ለመንኳት። መስመሩ ከመቋረጡ በፊት የሰማሁት እናቴ አጠገቧ ያለውን ሰው ውሃ ስትጠይቅ ነው።