ኤርጫፎ የናፈቀው ጥለት

የጨንቻው ሸማኔ ኤርጫፎ አርባ ምንጭ ወርዶ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የሸማ ጉድጓዱን ከቆፈረ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሸማ የሚሠራ በሰፈሩ ሞልቷል፤ የኤርጫፎን ጥለት የሚሠራ ግን አልነበረም። ጥለቱ የሚመጣለት ከበሽታው ነበርና።

በሽታው የሚጥል ነው። ሊጥለው ሲል ከዓይኑ ፊት ቀለም ይዘረጋል፤ ቢጫው ከወይን ጠጁ እየተጠላለፈ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሰበረ ያልፋል። ከዚያ መሬት ነው። ሲነቃ ምላሱ ተነክሷል፣ ልብሱ ረጥቧል፣ ጎረቤት ቆሞ ከንፈሩን ይመጥለታል። እሱ ግን ያየው እንዳይጠፋበት እየተንገዳገደ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። "እግዜር በአንድ እጁ ነስቶ በሌላው ሰጠው" ይላሉ። እስኪ እነሱን ይጣላቸውና ያኔ ይናገሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት እሳት ላይ ወደቀ። የግራ ክንዱ ተጠበሰ። ሚስቱ ወርቂቱ አልቅሳ ብቻ አልቀረችም፤ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ሲስተር አይዳ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ነጭ ኪኒን አስጀመረችው። "እንዳያቋርጡ፤ ድንገት ካቋረጡ ይብስብዎታል" አለችው።

ኪኒኑ ሠራ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልወደቀም። ጥለቱም አብሮ ቀረ። እጁ ያው እጅ ነው፣ መወርወሪያው ያው መወርወሪያ። የድሮውን ልድገም ቢል የሰው ደብዳቤ የሚገለብጥ ይመስለዋል። ቁጭ ብሎ ነጩን ድር ያያል፣ ነጭ ነው። ያ ቀለም በጣም ናፈቀው፤ ለማን ይንገር? መውደቅ ናፈቀኝ አይባል።

ዘንድሮ ልጁ ፀደይ ልታገባ ሆነ። "አባዬ፣ ቀሚሴን አንተ ሥራልኝ፤ እንደ ድሮው አድርገህ" አለችው። "እንደ ድሮው" ያለችው ነገር ከጆሮው አልወጣ አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ኤርጫፎ የደበቀው መድኃኒቱን ነው። የዋጠ መስሎ ወርቂቱ ፊቷን ስታዞር ይተፋና፣ ማግ የሚጠቀለልበት ክፍት ሸምበቆ፣ ቀሰሙ ውስጥ ይወትፈዋል። ሸማ የወንድ ሥራ ነው፣ ሴት ዕቃውን አትነካም ብሎ ነው። ማጉን ፈትላ፣ በቀሰም ጠቅልላ የምታቀብለው ማን ሆነና! ናፍቆት ሰውን ያጃጅላል።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወርቂቱ ባዶ ቀሰም አንስታ ማግ ልትጠቀልል ስትል ኪኒኖቹ ጭኗ ላይ ረገፉ። አሥራ አንድ ነበሩ። ኤርጫፎ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እግሩን መርገጫው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

"የፀደይ አባት፣ መጣልህ?" አለችው።

"ገና ነው።"

ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ኪኒኖቹን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠች።

"እኔም ይናፍቀኛል" አለች። "በወደቅክ ቁጥር ምን ይዘህ እንደምትነሳ ለማየት እቸኩል ነበር። እሳቱ ላይ የወደቅክ ቀንም መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ዛሬስ ምን ዓይነት ጥለት ያመጣ ይሆን ብዬ ነው። ክንድህ የሸተተኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።"

ኤርጫፎ እጁን ዘረጋላት። አንዱን ኪኒን ሰጠችው፤ በውሃ ዋጠና፣ ሳትጠይቀው አፉን ከፍቶ አሳያት።

የፀደይ ቀሚስ ላይ ጣት የማይሞላ አንድ ቀይ መስመር ብቻ ጣለበት። በሠርጉ ዕለት ሰዉ "ኤርጫፎ እጁ ሞተ" እያለ አንሾካሾከ። ልጁን ክንዷን ይዞ ከደጅ የሸኛት ግን እሱ ነው፣ በገዛ እግሩ ቆሞ። ሙሽራዋ መኪናው ጋ ስትደርስ ወርቂቱን ዞር ብሎ አያት። እሷም እንደሱ የልጃቸውን ቀሚስ ጠርዝ እያየች ነበር፤ ያልመጣውን ጥለት እየፈለገች።