ካንዴላ ማሽተቻው ኮት

በለቅሶው ላይ ሰዉ አጎቴን መልአክ አደረጋቸው። እሳቸው ግን ቁጡ ነበሩ። እኔ የማስታውሰው ኮታቸውን ነው።

ጋራዣችን በርበሬ በረንዳ አጠገብ ስለሆነ አየሩ አፍንጫ ያቃጥላል። እሳቸው ታዲያ የማይነሳ ሞተር ሲመጣላቸው ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትተው፣ ኮታቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው፣ እዚያ ውስጥ ያሸቱት ነበር። ቤንዚኑ መበላሸቱን የሚለዩት እንደዚያ ነው። ጎረቤቶች ተሸፍነው ሕፃን የሚያጠቡ ይመስል «ጋሼ፣ ጡጦው ደረሰ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔ የማስነሻውን ገመድ ደጋግሜ ስጎትት ደግሞ አጎቴ ይጮኹብኛል፦ «አንተ ደረቅ! ያኮረፈ ሞተር ይጠየቃል እንጂ ይጎተታል?»

ትናንት ከዝዋይ አንድ ዓሣ አጥማጅ አሮጌ የጀልባ ሞተር ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ የሉም?» አለኝ።

«አርፈዋል» አልኩት።

ከንፈሩን መጠጠ። «ታዲያ ማን ያስነሳልኛል? ቤቴ የሚበላው በዚህ ሞተር ነው።»

ገመዱን እጄ እስኪዝል ጎተትኩ። እንቢ አለ። ካንዴላውን ፈታሁና ኮታቸውን ከሚስማሩ አውርጄ ራሴ ላይ ጣልኩት። ማንም አልሳቀም። ዘመኑን ሁሉ ሞተር ሲታቀፍ የኖረ ኮት ራሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሽታው የካንዴላው ይሁን የእሳቸው መለየት አቅቶኝ እዚያው ውስጥ ቆየሁ። ሰውየው ከውጭ «እህ? ሞተሩ ምን አለህ?» ይለኛል።